ሳያወርዱ ምልክት ማንበብ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ መብራት ጠፋ። ይሄ እንኳ ወሬ አይደለም፤ ወሬ የሚሆነው ባይጠፋ ነበር። ወሬው ያለው እዚያ ካለ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ሪሐና ጠሃ አለቃዋ ፊት ቆማ፣ ያላጠፋችውን ጥፋት አጥፍቻለሁ ብላ እንድትፈርም የተዘጋጀላትን ደብዳቤ ታነባለች። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው፣ ያውም ማኅተም ያረፈበት። አለቃዋ ጀማለዲን በሕይወቱ አንድ ሥራ በሰዓቱ ጨርሶ የሚያውቅ ከሆነ ይሄን ደብዳቤ ነው።

«እኔ ሪሐና ጠሃ» ይላል ደብዳቤው፣ «በግዴለሽነት ስህተት ያለበትን የሶፍትዌር ስሪት በመልቀቄ በክቡር ደንበኛችን በሐጂ አብዱልከሪም መጋዘን ለተፈጠረው መደነጋገር ሙሉ ኃላፊነቱን እየወሰድኩ፣ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የለቀቅኩ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» «በገዛ ፈቃዴ» የሚለው በደማቁ ተጽፏል። ፈቃዷ ስንት ሰዓት ላይ እንደ መጣ ግን አልተገለጸም።

«ፈርሚና ተገላገይ» አላት ጀማለዲን ወንበሩ ላይ ተለጥጦ። «ሐጂ አምስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ፊርማሽ ያለበትን ወረቀት እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ አንቺም ታርፊያለሽ።»

«ከምኑ ነው የማርፈው?»

«ከሥራው ነዋ።»

ጀማለዲን ማለት የዚህ ድርጅት መሥራች፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ የቴክኖሎጂ ዳይሬክተርና የቦርድ ሰብሳቢ ነው። ቦርዱም እሱ ነው። የሚመራቸው ሠራተኞች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ኮዱን የምትጽፈው ሪሐና፣ እና ከኮድ በስተቀር ያለውን ሁሉ የሚሠሩት እትዬ አስያ። ከሪሐና የሚበልጠው በአራት ዓመት ነው፤ ቢሆንም «አንተ» መባል አይሆንለትም። «እርስዎ» ካላሉት አይሰማም። ሪሐና አንድ ቀን ተሳስታ «ጀማለዲን፣ ስልክህ እየጠራ ነው» ብላው፣ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ እስኪዘጋ ድረስ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ «ዳይሬክተር» ነው፣ «እርስዎ» ነው። እሷም ለደሞዟ ስትል ለምዳዋለች።

ድርጅቱ የሚኖረው ለጅምላ ነጋዴዎች የመጋዘን ሶፍትዌር እየሠራ ነው። ከደንበኞቹ ሁሉ ትልቁ ሐጂ አብዱልከሪም ናቸው፤ የመርካቶው የእህል ገበያ፣ እህል በረንዳ ውስጥ ስማቸው ሲጠራ ሰው የታመነ እህል የሚሸተው። ሶፍትዌሩ የትኛው ጆንያ ለማን እንደሚጫን ለመጋዘን ሠራተኞቹ ይነግራል። ሲነግር ከርሞ ነበር፣ ደህና አድርጎ። ዓርብ ጠዋት ግን ጉድ ፈላ። ማኛ ጤፍ ያዘዘው ሰርገኛ ተጫነለት፤ ሰርገኛ ያዘዘው ምስር። ምስር ያዘዘው አንድ ሆቴል ደግሞ ለከብት የሚሆን ፉርሽካ በር ላይ ተራግፎለት የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሊያብድ ደረሰ።

እህል በረንዳ መሰዳደብ አለ፣ መኮራረፍ አለ፣ በማግስቱ ተቃቅፎ ሻይ መጠጣትም አለ። ሰርገኛውን ማኛ ብሎ መጫን ግን የሚረሳ ነገር አይደለም። ሐጂ ቢጮሁ ይሻል ነበር። እሳቸው ግን ስልክ ደውለው «ይሄን ያደረገው ማን እንደሆነ ነገ መጥቼ ከአፉ እሰማለሁ» አሉና ዘጉት። ጀማለዲን በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላብ በላብ ሆነ። ላቡን ጠርጎ ሲያበቃም የሪሐናን የቢሮ ኮምፒዩተር «ለምርመራ» ብሎ ነቅሎ ወሰደና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ምርመራው እዚያ አለቀ።

ሪሐናን ያስጨነቃት ሥራው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ኮምፒዩተር የሚችል ሰው መርካቶ ውስጥ ጦሙን አያድርም። የእግር እሳት የሆነባት ሌላ ነው። አባቷ ጠሃ ከወሎ መጥቶ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እህል በረንዳ ጆንያ ላይ ምልክት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ቡርሹንና የጥቁር ቀለም ጣሳውን ይዞ፣ ይሄ ማኛ፣ ይሄ ሰርገኛ፣ የእገሌ፣ ከእንትን አገር የመጣ እያለ ይጽፋል። ጠሃ የጻፈበትን ጆንያ ፈትቶ ልይ የሚል ነጋዴ አልነበረም። አሁን ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ሥራውን ቢተውም፣ ጠዋት ጠዋት በከዘራው እየተደገፈ እዚያው ሄዶ ከድሮ ወዳጆቹ ጋር ይቀመጣል። ይሄ ደብዳቤ ከተፈረመ ዛሬውኑ እዚያ ይደርሳል፤ አባቷም በተቀመጠበት «የጠሃ ልጅ ምልክት አሳሳተች» ሲባል ይሰማል።

ምልክት የተባለውም አለነገር አይደለም። ሪሐና የምትጽፈው ኮድ የሚቀመጠው ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ላይ ነው። አንድ ስሪት ተፈትሾ ሲያልቅ «ታግ» ይደረግበታል። ታግ ማለት ምልክት ነው፤ አባቷ ጆንያ ላይ ሲጽፈው የኖረው ዓይነት። «ሁለት ነጥብ አራት» የሚል ምልክት ያለበት ስሪት ተፈትሿልና ይጫን ማለት ነው፤ የሐጂ መጋዘን ኮምፒዩተርም በየማታው ያንን ምልክት አይቶ ይጭናል። ከምልክቱ ጎን ደግሞ የፊደልና የቁጥር ቅልቅል የሆነ ረጅም መለያ አለ። በስሪቱ ውስጥ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትነካ መለያው ሌላ ይሆናል። ሪሐና ምልክት ባደረገች ቁጥር የዚህን መለያ የመጀመሪያ አምስት ሆሄያት ደብተሯ ላይ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። ጀማለዲን ይሄን ባየ ቁጥር «በዚህ ዘመን ደብተር!» እያለ ይስቅባት ነበር።

እሱ የሚያምነው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሙሉውን ማውረድ። «የትኛው ስሪት ላይ ነን?» ብሎ ይጠይቅና፣ መልሱን ብትነግረው አይበቃውም። ሁሉም ከሰርቨሩ ይውረድ፣ ይዘርገፍ፣ ከዚያ ይታይ። በዚያ ማከማቻ ውስጥ ደግሞ የሌለ ነገር የለም። የጀማለዲን ሰርተፍኬቶች ፎቶ አለ። የሠርጉ ቪዲዮ አለ፤ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ፣ ሙሽራዋ ስትሸኝ እናቷ እስከሚያለቅሱበት ድረስ። «እዚህ አይጠፋም» ብሎ ነው ያስገባው። ኮዱ ከዚህ ሁሉ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ ነው። ስለዚህ አንዲት ምልክት ለማየት ግማሽ ቀን ሠርግ ይወርዳል።

ሪሐና ከዓመት በፊት፣ ገና የዋህ ሳለች፣ «ዳይሬክተር፣ ምንም ሳናወርድ የምልክቶቹን ዝርዝር ብቻ ሰርቨሩን መጠየቅ እንችላለን። አንድ መስመር ነው፣ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም» ብላው ነበር። እሱ ፈገግ ብሎ «ሳይወርድ የታየ ነገር እንዳልታየ ይቆጠራል» አለና በማግስቱ አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ «የድርጅቱ ፖሊሲ ቁጥር ሰባት» ብሎ። ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ፖሊሲዎች እስከዛሬ ያየ ሰው የለም።

ሪሐና ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዳይሬክተር፣ ሁለት ነጥብ አራትን ማክሰኞ ፈትሼ ነው ምልክት ያደረግሁበት። እስከ ሐሙስ ድረስ በደንብ ሲሠራ ነበር። ሰርቨሩ ላይ አሁን ያለውን ልየው።»

«እዪዋ! ማን ከለከለሽ?» አለ ጀማለዲን እጁን እየዘረጋ። «አውርጂና እዪው።»

ሲናገር ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ እንዲያው በጥፊ በጥፊ የሚያሰኝ ነበር። የቢሮ ኮምፒዩተሯ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። መብራት የለም፣ የቢሮው ኢንተርኔትም ከመብራቱ ጋር ሄዷል። የቀራት ከቤት ይዛው የምትመጣው የራሷ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ከኮዱ አንድ መስመር የለም። የማከማቻውን አሥራ አንድ ጊጋባይት በስልክ ዳታ ታውርድ ቢባል ሐጂ መጥተው፣ ሄደው፣ መግሪብ ሰግደው ይደርሳሉ። ጀማለዲን ይሄን ሁሉ አስልቶታል። ያላሰላው ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባው ቁልፍ አሮጌው ላፕቶፕ ላይም መኖሩን ነው። ኮምፒዩተሩን ሲወስድ ቁልፉንም የወሰደ መሰለው፤ የቴክኖሎጂ ዳይሬክተር አይደል!

ሪሐና ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ሄዳ ተቀመጠች፣ ላፕቶፑን ከፈተች፣ የስልኳን ሆትስፖት አበራች።

«እግረ መንገድሽን» አለ ጀማለዲን፣ «የሆትስፖትሽን ፓስዎርድ ስጪኝ እስቲ። ለሐጂ ፕሬዘንቴሽን ላስተካክል።»

ሰጠችው። ሊያባርራት ቀጠሮ ከያዘ ሰው ጋር ዳታዋን ተካፈለች። ምን ታድርግ፣ አስተዳደጓ ነው።

ሐጂ አብዱልከሪም ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደረሱ። አራቱን ፎቅ በእግራቸው ነው የወጡት፤ ሊፍቱ መብራት ሲኖርም አይሠራም። በሩ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጀማለዲን ከወንበሩ ተፈናጥሮ፣ «ሐጂ! እንኳን ደህና መጡ! ምነው ቢደውሉልኝ ወርጄ በደገፍኩዎት!» እያለ ዙሪያቸውን ዞረ። ሐጂ «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ ለሁሉም እኩል፣ እትዬ አስያ ካቀረቡላቸው ውኃ ሁለት ጊዜ ተጎነጩ፣ ከዚያ ተቀመጡ።

«እሺ። የማን እጅ ነው?»

ጀማለዲን ደብዳቤውን በሁለት እጁ አቀረበ። ሐጂ መነጽራቸውን አወጡ፣ በኩታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው ሪሐናን አዩዋት።

«የጠሃ ልጅ ነሽ?»

«አዎ ሐጂ።»

«የጠሃ ልጅ ምልክት አሳሳተች?»

ይኸው ተባለ። ገና እህል በረንዳ ሳይደርስ፣ እዚሁ ፊቷ ላይ ተባለ።

«አልፈረምኩም ሐጂ» አለች። «ምልክቱን አንዴ እንዳየው ይፍቀዱልኝና፣ ጥፋቱ የኔ ከሆነ እዚሁ ፊትዎ እፈርማለሁ።»

«ታያለች!» ብሎ ገባ ጀማለዲን። «መብቷ ነው። ግን ሐጂ፣ ለማየት መጀመሪያ ማውረድ ያስፈልጋል። እስከ ማታ ይፈጃል። እርስዎን ደግሞ እስከ ማታ አናስቀምጥዎትም።»

«ምኑ ነው የሚወርደው?»

«ሁሉም።»

ሐጂ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «እህል ጭኖ የመጣ መኪና በር ላይ ቆሞ፣ ምልክቱን ለማየት መቶውን ጆንያ ታወርዳለህ?»

«ሶፍትዌር ትንሽ ረቀቅ ይላል ሐጂ።»

«አይወርድም» አለች ሪሐና። «አንድም ነገር ሳላወርድ የምልክቶቹን ዝርዝር ብቻ ላነብልዎት እችላለሁ። አሁኑኑ።»

«እንዲህ በይኛ!» አሉና ሐጂ ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ ተቀመጡ። «ግን በደንቡ ይሁን። እኛ ጋ ምልክት አንድ ሰው ብቻውን አያነብም። አንዱ ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሦስተኛው ያያል። አስያ፣ ወረቀት ያዢ።»

እትዬ አስያ ወረቀት ቢፈልጉ አጡ። ፕሪንተሩ ውስጥ የነበረው የመጨረሻው ወረቀት ለደብዳቤው ውሏል። ስለዚህ ደብዳቤውን ራሱን ገልብጠው በጀርባው ሊጽፉ ተዘጋጁ። ጀማለዲን «ኧረ ማኅተም ያለበት ነው!» ቢል የሰማው የለም።

ሪሐና ያችን አንድ የትእዛዝ መስመር ጻፈች፤ ጊት፣ ኤልኤስ-ሪሞት፣ ታግስ፣ የሰርቨሩ አድራሻ። ተጫነችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ተደረደረ። አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ግማሽ ቀን ሠርግ ያስወረዳት ነገር ይሄው ነበር።

ሐጂ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ከላይ ያሉት የሪሐና ምልክቶች ናቸው፤ አንድ ነጥብ ዜሮ፣ አንድ ነጥብ አንድ እያሉ በሥርዓት የሚወርዱ። ከታች ደግሞ ጀማለዲን በየጊዜው ያደረጋቸው አሉ፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲሱ»፣ «የመጨረሻ እውነተኛው»።

«የመጨረሻው ስንት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ሦስት ነው ሐጂ።»

«ማሻ አላህ» አሉ ሐጂ። ጀማለዲን አሳለው።

«ሁለት ነጥብ አራት» ብላ አነበበች ሪሐና ከፍ አድርጋ። «ቢ፣ አራት፣ ዜሮ፣ ኤፍ፣ ሁለት።» እትዬ አስያ ጻፉ። ሐጂ በጣታቸው ስክሪኑን እየተከተሉ አዩ። ሪሐና ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ የማክሰኞን ገጽ ገለጠች። እዚያ በእጇ የጻፈችው «ሰባት፣ ሲ፣ አንድ፣ ኢ፣ ዘጠኝ» ነው። ይሄንንም ከፍ አድርጋ አነበበችው። ክው ብላ ነበር፤ ቢሆንም ውስጧ ቀለል አላት።

«ምን ማለት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ምልክቱ ያው ነው ሐጂ፤ ያለበት ጆንያ ግን ሌላ ነው። እኔ ማክሰኞ ፈትሼ የጻፍኩበት ጆንያ አይደለም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ምልክቱን ከዚያ አንስቶ ወዳልተፈተሸ ጆንያ አዙሮታል።»

ሐጂ ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቁት የመጋዘናቸው ኮምፒዩተር ጥቁር መሆኑን ነው። ይሄን ለመረዳት ግን ሁለተኛ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። «የማኛውን ምልክት ሰርገኛ ላይ» አሉ ቀስ ብለው፣ ድምፃቸውም ተቀየረ። «በስህተት ይሆን እንዴ?»

«በስህተት አይሆንም። ሰርቨሩ ‹ይሄ ምልክት አለ› ብሎ እምቢ ይላል። በግድ ካላሉት አያዞረውም።»

«ቡርሹ በማን እጅ ነው?»

«ቁልፉ ያለን ሁለት ሰዎች ነን። እኔና ዳይሬክተሩ።»

ጀማለዲን ብድግ አለ። ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ማየት የፈለገ ያን ጊዜ ማየት ነበረበት። «እንግዲህ ሁለት ሰው ነው! እሷስ ራሷ ብታዞረው ምን ይታወቃል? ደብተር እኮ ማንም ይጽፋል ሐጂ! ዛሬ ጠዋት ጽፋው ቢሆንስ?»

ሐጂ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እሱስ እውነቱን ነው» አሉ። እውነቱን ነበረ። ዝርዝሩ ምልክቱ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ማን እንዳዞረው አይናገርም።

«ደግሞም» አለ ጀማለዲን ወደ ወንበሩ እየተመለሰ፣ «በትክክል ማንበቧንም እንጃ። እኔ እስካሁን የሠራሁበት ልምድ የሚነግረኝ…» እያለ የራሱን ላፕቶፕ ወደ ፊቱ ሳብ አደረገ። ንግግሩ መሐል ላይ ተረሳ።

ሐጂ የሪሐናን ደብተር ተቀብለው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከዓመት በፊት ጀምሮ ቀን በቀን ተጽፏል። «ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ። ጆንያ ላይ የጻፈውን ሁሉ ማታ ደብተሩ ላይ ይገለብጥ ነበር። ‹ቀለም ይለቃል፣ ጆንያም ይቀየራል› ይለኛል።» ስትናገር ሐጂ የያዙትን ደብተር ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

«አውቀዋለሁ ያን ደብተር» አሉ ሐጂ። «ስንት ጠብ አብርዶልናል።» መብራት ስለሌለ ክፍሉ ጭጭ ብሏል፤ ከታች ከመንገዱ የሚመጣው የጋሪ ገፊዎች ጩኸት ሳይቀር ይሰማል።

ድንገት ጀማለዲን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ይደገም! በሁላችንም ፊት ይደገም! ያኔ ማን እንደ ተሳሳተ ይታያል።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሪሐና ያችኑ መስመር ደግማ ላከች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ሁለት ነጥብ አራት» ብላ ጀመረችና አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«አንብቢው እንጂ!» አለ ጀማለዲን።

«ሰባት፣ ሲ፣ አንድ፣ ኢ… ዘጠኝ።»

«ይኸው!» አለ እጁን አጨብጭቦ። «ምልክቱ ቦታው ላይ ነው! ማንም አልነካውም። ልጅቷ ተደናግጣ ያልተጻፈ አነበበች፤ አልፈርድባትም፣ ፈርታ ነው። ስለዚህ ችግሩ ከኮዱ ነው፣ ኮዱን የጻፈችው ደግሞ እሷ ናት። እንግዲህ ብዕር ላቀብላት?»

ሪሐና ስክሪኑን አፍጥጣ አየችው። ለአፍታ፣ ወላሂ ለአፍታ ያህል፣ ራሷን ተጠራጠረች። እውነት ያልተጻፈ አንብቤ ይሆን? አባቷ እህል በረንዳ በከዘራው ተደግፎ ቁጭ ብሎ ታያት፣ ሰውም ዙሪያውን ሲንሾካሾክ።

«አስያ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ቅድም ምን ጻፍሽ?»

እትዬ አስያ የደብዳቤውን ጀርባ አዩ። «ቢ፣ አራት፣ ዜሮ፣ ኤፍ፣ ሁለት።»

«አንቺም ተደናግጠሽ ነበር?»

«እኔ ምን አስደነገጠኝ ሐጂ? የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።»

«እኔም አይቻለሁ» አሉ ሐጂ። «ዜሮዋን በጣቴ ነክቻታለሁ።» ወንበራቸውን ወደ ጀማለዲን አዞሩ። «እንግዲህ አንተ ሰው፣ መኪናው በር ላይ ቆሟል። አንድም ጆንያ አልወረደም። ሦስት ሆነን ያነበብነው ምልክት ግን ሻይ በማይጠጣበት ጊዜ ውስጥ ወደ ሌላ ጆንያ ሄደ። ልጅቷ አጠገቤ ናት፤ እጇ ደብተሯ ላይ ነበር። መኪናው ላይ የወጣው ማን ነው?»

ጀማለዲን ላፕቶፑን ከደነ። «ሰርቨር አንዳንዴ… ኔትወርክ ሲጨናነቅ…»

«ቅድም ኪቦርድ ሲንኳኳ ነበር» አሉ እትዬ አስያ፣ ወረቀቱን እያጣጠፉ። «ፕሬዘንቴሽን መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። መብራት ኖሮ ቬንቲሌተሩ ቢዞር አልሰማውም ነበር።»

ጀማለዲን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት እንዲመጣ ከልቡ ተመኘ። ሪሐና ስልኳን አየች። ሆትስፖቱ ላይ «ሁለት መሣሪያዎች ተገናኝተዋል» ይላል። አንደኛው የሷ ነው።

«በኔ ዳታ?» አለች። ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ይሄ ነበር። «ደብተሬን ጮክ ብዬ ሳነብ መለያውን ሰምተው፣ በኔ ዳታ መልሰው አዞሩት?»

ከዚያ በኋላ የመጣው ያዙኝ ልቀቁኝ ብዙ አልቆየም። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ እሱም እንደ ሰለለ ሽቦ እየተጣጠፈ ወንበሩ ላይ ወርዶ ተናዘዘ። ሐሙስ ከሰዓት፣ ሪሐና አባቷን ሐኪም ቤት ይዛ በሄደችበት፣ የእህሎቹን ዝርዝር በፊደል ተራ አስይዞ ምልክቱን እዚያ ላይ አዙሮታል። «ለውበት» አለ። ሶፍትዌሩ ግን እህሉን የሚያውቀው በዝርዝሩ ላይ ባለበት ተራ ቁጥር ስለሆነ፣ ሁሉም ቦታ ተለዋውጦ ምስሩ ፉርሽካ ሆነ።

«ለውበት» አሉ ሐጂ። «እና ለምን አዲስ ምልክት አልጻፍክበትም?»

«አዲስ ከሆነ ትፈትሸዋለቻ» አለ ጀማለዲን በቀጭን ድምፅ። «ከፈተሸችው ደግሞ አይሆንም ትላለች።»

በዚያ ቀን አንድ እውነት ከተናገረ ይቺው ናት።

ሐጂ ደብዳቤውን ከእትዬ አስያ ተቀበሉ፣ ወደ ፊቱ ገለበጡትና ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው አብረው ጀማለዲን ፊት አስቀመጡ። «ይሄም ምልክት ያለ ጆንያው የተጻፈ ነው። አስተካክለው።»

«ሐጂ፣ ማኅተም እኮ አለበት…»

«ማኅተሙማ ይሠራል። ስሙን ብቻ ሰርዝና ያንተን ጻፍ። ‹ሥራዬን› የሚለውንም ሰርዝ፤ ድርጅቱ ያንተ ነው፣ ከሥራህ አላባርርህም። ‹ቁልፌን በገዛ ፈቃዴ የለቀቅኩ› በልበት። ከዛሬ ጀምሮ የኔ መጋዘን የሚጭነውን ምልክት የምትጽፈው የጠሃ ልጅ ብቻ ናት። ካልሆነ ሶፍትዌራችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ።»

ጀማለዲን ሰረዘ፣ ጻፈ፣ ፈረመ። «በገዛ ፈቃዴ» የሚለው ግን በደማቁ እንደ ተጻፈ ቀረ። ሐጂ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«አባትሽ አሁን እህል በረንዳ ነው አይደል?»

«እዚያው ነው ሐጂ። እስከ ዙሁር ሶላት ይቆያል።»

«መልካም። ይሄን ከማንም በፊት እሱ ነው የሚያነበው። ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።»

ሪሐናን እንባዋ ቀደማት፤ አላፈረችበትም። የሐጂ እርምጃ ደረጃውን እየቆጠረ ሲወርድ፣ እትዬ አስያ መስኮቱን ሲከፍቱ፣ የጋሪ ገፊዎቹ ጩኸት ሲገባ ሰማች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ ያችን መስመር ለሦስተኛ ጊዜ ላከች። ሦስት ሰከንድ። ሁለት ነጥብ አራት፣ ሰባት ሲ አንድ ኢ ዘጠኝ። ምልክቱ ማኛው ጆንያ ላይ ነው፤ መልሶ ያስተካከለውም ራሱ ጀማለዲን ነው፣ ሥራ ሠርቶ የሚያውቅ ከሆነ። ሆትስፖቱን አጠፋች።

ጀማለዲን ጀርባውን ሰጥቷት፣ ፖሊሲ ቁጥር ሰባት የተለጠፈበትን ግድግዳ አፍጥጦ ያያል።

«ጀማለዲን» አለችው፣ «ቁልፍህን አምጣ።»

ወዲያው ሰማት።